ሐሙስ ነን

(ደብረ ብርሃን ውስጥ አዲስ አገልጋዮችን ለመቀበል በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ዛሬ ስማችሁ በተራ ዝርዝሩ ላይ የሚሰፍር አሥራ አራት አዲስ አገልጋዮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ «የረጅም ዓመት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በረከት» የሚል ርእስ ሰጥተውኛል። በረከቱን የሚያውቀው የሰጠው ጌታ ስለሆነ ለእርሱ ልተወው። እኔ የምናገረው በዐይኔ ያየሁትንና በእጄ የነካሁትን ነው። ወደዚህ ማኅበር የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ ከምንጃር ቆላ መጥቼ የደብረ ብርሃን ብርድ ገና አልተለማመደኝም ነበር። ዘንድሮ ሃያኛ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ተራዬ ሐሙስ ነበር።

ከመኮሮኒው ልጀምር።

በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት እንድንጎበኝ ተሰጠን። ዐይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። ሦስት ወጣቶች ሆነን ከደመወዛችን አዋጣንና አምስት ኪሎ መኮሮኒ፣ ሁለት ሊትር ዘይትና ሳሙና ይዘን ሄድን። እማማ ቁጭ ብለው መረቁን። ምርቃታቸው ረጅም ነበር፤ «አሜን፣ አሜን» ስንል ቆይተን ልባችን ሞልቶ ወጣን። በሦስተኛው ሳምንት ስንመለስ ከመኮሮኒው አንዲት ፍሬ አልነበረችም፤ ሁሉም ለጎረቤት ልጆች ተሰጥቷል። ምክንያቱን ያስረዳችን ጎረቤታቸው ናት። እማማ ለመቀቀያ የሚበቃ እንጨት የላቸውም። ዐይናቸው ስለማያይ የፈላ ውኃ ከድስት ማጥለል አይችሉም። ጥርሳቸውም አልቋል። የሚውሉት የሚያድሩትም ይህችው ጎረቤት ከራሷ ምድጃ በኩበት አፍልታ በምታመጣላቸው የገብስ አጥሚት ነበር።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩንም፣ እማማ?» አልናቸው።

«አልጠየቃችሁኝማ፣ ልጆቼ» አሉ።

ይህች ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። በቋንቋችን የታመመ ሰው ይጠየቃል። የታሰረ ይጠየቃል፤ የወለደች ትጠየቃለች፤ ሐዘን የደረሰበት ይጠየቃል። ያላወቅነውን ለማወቅ አፋችንን ስንከፍትም የምናደርገው ያንኑ ነው፣ እንጠይቃለን። ለሁለቱ ነገር አንድ ቃል የተገኘው በከንቱ አይመስለኝም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ይላል። ይህን ንባብ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ በዐይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሆስፒታል የሚገባ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሌላ ሰው ይታየኛል፤ ባዶ እጁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ምን ላድርግልዎ?» ብሎ መልሱ እስኪመጣ ዝም የሚል ሰው።

እኛም ጠየቅን። እማማ ወዲያው አልመለሱም። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ከአልጋቸው በስተጀርባ ወዳለው ግድግዳ ዘርግተው «በዚህ በኩል ነፋስ ይገባል» አሉ። ሦስት ጊዜ ገብተን ወጥተናል፤ አንዳችንም አላየነውም። ምርጊቱ ተፈርፍሮ ወድቆ ማገሩ ተገልጦ ነበር። ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈውታል። ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ እንደሚያድር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እማማ ያን ሌሊት የሚያሳልፉት ከቀዳዳው ሥር ነው፤ እኛ ደግሞ መኮሮኒ አመጣንላቸው።

ምርጊት እንዴት እንደሚሠራ የማታውቁ የከተማ ልጆች ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ይህን ሥራ ትሠሩታላችሁና። አፈሩ ተቆፍሮ ድንጋዩ ይለቀምለታል። የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ ውኃ እየፈሰሰ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ተሸፍኖ ይቦካል። ቸኩሎ ያልቦካ ጭቃ የመረገ ሰው በወሩ ግድግዳው ሲሰነጣጠቅ ያየዋል። እኛ ቅዳሜ ረግጠን ሐሙስ መረግን። መጀመሪያ ወፍራሙን ጭቃ ከማገሩ ውስጥ እየጠቀጠቅን ሞላን፤ እሱ ሲጠነክር ቀጠን ያለውን ደረብን፤ በመጨረሻ በእበት ለቀለቅነው። በረዶ የመሰለ ውኃ ነበር፤ ጣቶቻችን ደነዘዙ። ሲያልቅ እማማን ክንዳቸውን ይዘን ወደ ግድግዳው አቀረብናቸው። መዳፋቸውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለው አስኬዱት፣ እንደ ሕፃን ጀርባ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙና «እዚህ ጋ ጎድሏል» አሉ። አጎንብሰን ተመለከትን፤ ለዐይን የማይታይ ጎድጓዳ ነበር። ሞላነው። እንደገና ዳሰሱት። «አሁን ሆነ» አሉ።

ምርጊቱ የደረቀ ዕለት ቡና ላፍላላችሁ አሉን። እኛ እንደ ልማዳችን «አይድከሙ፣ እማማ፤ እኛ እንቸኩላለን» አልን። ደግነት መስሎን ነበር። እማማ ግን ተቆጡ። «እናንተ ቤቴ ትገባላችሁ፣ ልብሴን ታጥባላችሁ፣ ግድግዳዬን ትመርጋላችሁ። እኔ አንድ ስኒ ቡና ላጠጣችሁ አይፈቀድልኝም? ለማኝ አደረጋችሁኝ እኮ!» አሉ። ተቀመጥን። ዐይን የሌላቸው ሴት ቡና ሲቆሉ አይቼ የማላውቀውን ነገር አየሁ። የቡናውን መብሰል የሚያውቁት በመዓዛውና ፍሬው ሲንጣጣ በሚሰማው ድምፅ ነው፤ ጀበናው መፍላቱን የሚያውቁት ጆሯቸውን ወደ ምድጃው ዘንበል አድርገው ነው። ጨው ጣል አድርገውበት እስከ በረካው ጠጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማኅበራችን ውስጥ ያልተጻፈ ደንብ አለ፤ በምናገለግልበት ቤት የቀረበልንን፣ እፍኝ ቆሎም ቢሆን፣ እንቀበላለን። የቡናው ፍሬ እንዳይከብዳቸው እኛ ተራ በተራ እንወስዳለን፤ የሚያፈሉልን፣ የሚያስተናግዱን ግን እነርሱ ናቸው።

አሁን ስለ ተራ ልናገር። ለአዲሶቹ ዋነኛው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ሥራችን «በጎ ፈቃድ» ይባላል። ስሙን እወደዋለሁ። ነገር ግን ፈቃድ ብቻውን ሃያ ዓመት አያስኬድም። ፈቃድ የሚበረታበትም የሚደክምበትም ቀን አለ፤ ዝናብ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ ደመወዝ ይዘገያል፣ ሰው ያስቀይማል። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የጽዋ ማኅበራቸውን ያቆሙት በተራ ነው። ወር በገባ በ12 ይሁን በ21 ወይም በ27፣ ቀኑ የታወቀ ነው። ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ቀጣዩ ተረኛ ይሻገራል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ስም ይጠራል፤ ያለ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ተረኛው ድሃ ቢሆን ያለችውን ያቀርባል እንጂ ተራው አይዘለልም። በዚህ ዓይነት ስንትና ስንት ማኅበር ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ቆይቷል። የእኛም አገልግሎት የበቀለው ከአንድ ጽዋ ማኅበር ነው። ከዝክሩ የተረፈውን ለነዳያን ማብላት ደግ ሆኖ ሳለ፣ ከቤት መውጣት የማይችሉትስ ማን ያበላቸዋል ብለው የጠየቁ ሰዎች ናቸው የጀመሩት። እነርሱ ያወረሱን የተራ ዝርዝር እነሆ እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ሁለት ሁለት ሆነን የምንመደበውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ልኳቸዋል። በሥራው ላይም ስታዩት አንዱ የታመመውን ሲያነሣ ሌላው አንሶላውን ይጎትታል። ገንዘብ ሲሰጥ ምስክር ይኖራል። አንዱ ሲዝል ሌላው ይሄዳል። ይህ የመጨረሻው በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

በ2002 ዓ.ም. አባቴ ታመመ። ምንጃር ወርጄ አስታመምኩት፤ በጥር አረፈ። አርባው ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ወደ አገልግሎቱ ግን አልተመለስኩም። ጉልበት አጥቼ አልነበረም። አልጋ ላይ የተኛ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር አባቴን የማይ መስሎኝ ነበር። አንድ ሐሙስ ቀረሁ፤ ሁለተኛው ቀላል ሆነ፤ ሦስተኛውን አላስታወስኩትም። እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። ማንም መጥቶ አልወቀሰኝም። በሐምሌ ወር ለሌላ ጉዳይ ወደዚህ ቢሮ መጣሁና ዐይኔ የተራ ዝርዝሩ ላይ ዐረፈ። ስሜ አልተፋቀም። አብራኝ የምትመደበው ልብስ ሰፊ እኅቴ፣ ዛሬም እዚህ መካከላችሁ ተቀምጣለች፣ በየሳምንቱ ከራሷ ስም ፊት ምልክት አድርጋ ከእኔ ስም ፊት «ሐዘን ላይ ናት» ብላ ጽፋለች። ቆጠርኩት። ሃያ አንድ ጊዜ ነው። ሃያ አንድ ሐሙስ ለብቻዋ ሄዳለች፤ ሃያ አንድ ጊዜ እርሳሱን አንሥታ ስለ እኔ መልስ ሰጥታለች።

በዚያው ሳምንት ሄድኩ። ዐይነ ሥውሯ እናት የሁላችንንም ስም ያውቃሉ፣ የሚጠሩን ግን በቀናችን ነው። የሰኞዎቹን «ሰኞ»፣ የቅዳሜዎቹን «ቅዳሜ» ይላሉ። ዐይን ለሌለው ሰው ቀኑ የሚታወቀው በሚመጣው ሰው ነው። በሩን ገፍተን ስንገባ እርምጃችንን ሰሙ። የሁለት ሰው እርምጃ መሆኑን ሰሙ። «ሐሙስ ሙሉ ሆነች» አሉ። ሌላ ምንም አላሉኝም፤ የት ነበርሽ አላሉኝም። እጃቸውን ስሜ ውኃ ለመቅዳት ጀሪካኑን አንሥቼ ወደ ቦኖው ወጣሁ፤ እዚያ ወረፋው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ጥፋታችንን ነው፤ እናንተ እንዳትደግሙት።

ያቺ አጥሚት የምታፈላዋን ጎረቤት አስታውሱ። በሁለተኛው ዓመት ማኅበራችን ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ የእማማን ምግብ እኛ እንችላለን ብለን ወሰንን። ለጎረቤቲቱም «እስከ ዛሬ ደክመሻል፤ ከእንግዲህ እኛ አለን» አልናት። ምስጋና ያቀረብን መስሎን ነበር። እሷም «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» ብላ ድስቷን አነሣች። በዚያው ክረምት ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። የዚያ ቀን ተረኞች መንገዱ አላሳልፍ ብሏቸው ተመለሱ፤ ጎረቤቲቱ እኛ ገብተናል ብላ አሰበች። እማማ አንድ ቀን ተኩል እህል ሳይቀምሱ፣ እሳት ሳያዩ ቆዩ። ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ምድጃ እየነደደ ማለት ነው። እሳቸውም አልተጣሩም፤ «የእናንተ ሆኛለሁ፤ እሷን ማስቸገር ነውር መሰለኝ» አሉን።

ጎረቤቲቱ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። አልተቀየመችንም፣ አዘነች እንጂ። «የእኔን ነገር ወሰዳችሁብኝ» አለች። ያን ጊዜ ተቀምጠን ሒሳብ ሠራን። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ብንሄድ የእኛ ድርሻ ስድስት ሰዓት ነው። 162ቱ ሰዓት የጎረቤት ነው። ጎረቤትን ገፍቶ የሚገባ አገልጋይ ስድስት ሰዓት ሰጥቶ 162 ሰዓት ይቀማል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቤት ስንረከብ መጀመሪያ የምናንኳኳው የጎረቤቱን በር ነው። ማን ውኃ ይቀዳል? ማን ማታ «ደህና እደሩ» ይላል? ሌሊት ቢያማቸው ማን ይሰማል? ይህን ጠይቀን የጎደለውን ብቻ እንሞላለን። ለጎረቤቲቱ ኩበትና የገብስ ዱቄት እንድናግዛት ፈቀደች፤ ድስቱን ግን መልሳ ራሷ ጣደች።

ይህ ትምህርት የአንድ ሰው አካል ያዳነው በኋላ ነው። በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ አባት ነበሩ። አሰብ ወደብ ለአገራችን ክፍት በነበረበት ዘመን የጣርማ በርን ዋሻ ስንት ጊዜ እንዳለፉት ቆጥረው አይጨርሱም፤ ከዋሻው ሲወጡ ደመናው ከእግር በታች ተኝቶ ስለሚታይበት ጠዋት ያወሩን ነበር። ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ዋሉ። ከእኛ ጋር የምታገለግል ነርስ አስተማረችን። ከአልጋ የማይነሣ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መገላበጥ አለበት። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት፣ እነዚህ በየቀኑ ይታያሉ። የቀላ ቦታ ካለ በጣት ይጫኑታል። ሲለቁት ነጣ ብሎ ተመልሶ ካልቀላ፣ እንደ ቀላ ከቀረ፣ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው። በቀላበት ላይ አጥብቆ ማሸት ይጎዳል። አንሶላው መጨማደድ የለበትም፤ ቆዳው እርጥበት ላይ መዋል የለበትም።

በየሁለት ሰዓቱ! እኛ በሳምንት ስድስት ሰዓት ያለን ሰዎች ይህን እንዴት እንችለዋለን? ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ ይኖር ነበር። ሰበሰብናቸውና ነርሷ አሳየቻቸው። ትንንሾቹ ልጆች ሳይቀሩ ተማሩ። አንዱ የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ «አባባ፣ የመገልበጫ ሰዓትዎ ነው» እያለ ይገባ ነበር። እኛ ሐሙስ ሐሙስ ገላቸውን አጥበን፣ ተረከዛቸውን አይተን፣ የሱፍ ብርድ ልብሳቸውን፣ ባናቸውን፣ አውጥተን እናጥባለን። የመንዝ ባና ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ የያዘው ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ ካልጠመዘዘው አይጨመቅም፤ በእኛ ብርድ ደግሞ ሁለት ቀን ካልተሰጣ አይደርቅም። እኚህ አባት አራት ዓመት አልጋ ላይ ቆይተው ሲያርፉ በገላቸው ላይ አንድ ቁስል አልነበረም። ገንዘው የሸኙት ካህን ይህን አይተው ዝም ብለው ቆሙ። በአገልግሎት ዘመኔ ካየሁት ሁሉ እኔ የምኮራው በዚህ ነው። ምስጋናው ለዚያ ግቢ ሰዎች ይሁን።

«የምታገለግሉት ክርስቲያኑን ብቻ ነው?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። አይደለም። ከሸዋ ሮቢት በኩል መጥተው እዚህ የቀሩ አንድ ሙስሊም አባት ለስምንት ዓመት በሐሙስ ዝርዝር ላይ ነበሩ። በፋሲካ ለሌሎቹ ሥጋ ስናደርስ ለእርሳቸው ዶሮ ከነነፍሱ ወስደን ሙስሊም ጎረቤታቸው ባርከው ያርዱላቸዋል። በረመዳን የእኛን ሰዓት ከጠዋት ወደ ማታ እናዛውራለን፤ ቴምር ይዘን እንሄድና እስኪያፈጥሩ እንቀመጣለን። እኛ በዓቢይ ጾም ስንሄድ ደግሞ እርሳቸው ወተቱን ከፊታችን ያርቁልን ነበር። ስለ ሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም።

ስለ ጾም ካነሣሁ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የታመሙ እናቶቻችን ሐኪም ወተት ጠጡ ቢላቸውም በጾም አንጠጣም ይላሉ። እንዳትከራከሯቸው፤ «እግዚአብሔር ይቅር ይላል» እያላችሁም ከራሳችሁ አትፍቱ። ሥልጣኑ የእኛ አይደለም። የንስሐ አባታቸውን ፈልጋችሁ አምጡ። አንዲት እናት 55ቱን ቀን በውኃ ሊጨርሱ ቆርጠው ሳለ የንስሐ አባታቸው መጥተው፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ፈትቼሻለሁ፤ ጠጪ» ሲሏቸው እንደ ሕፃን ታዘው ጠጡ። እኛ ሁለት ሳምንት ስንለምን ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ስለሆነው ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ነበራችሁ። በኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይህች ከተማ በተፈናቃይ ሞላች፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ከወለጋ የመጡ ወገኖቻችን ነበሩ፣ አሉም። የማኅበሩ ሴቶች ሌሊት ተነሥተን በትልልቅ ብረት ድስት ንፍሮና ሽሮ ስንሠራ ነበር። ሰው ሁሉ ልብስ ያመጣ ነበር፤ ልብሱ ተራራ ሆነ። አንድ ማታ ሴቶቹን ለብቻቸው ሰብስበን ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቅን። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዲት ወጣት አንገቷን ደፍታ «ሞዴስ» አለች። ሌላዋም «የውስጥ ልብስ» አለች። አንዲት አሮጊት ደግሞ «ጀበና» አሉ፤ «ሰው የማይጠራበት ቤት ቤት አይደለም» ብለው። የእርዳታ ዝርዝሩን ያዘጋጁት ወንዶች ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዱም በዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

በየክረምቱ ስለሚመጡት ወጣቶች ክፉ አልናገርም። በክረምት በጎ ፈቃድ ጣራ የሚቀይሩ፣ ዛፍ የሚተክሉ ልጆች እኛ በዓመት የማንችለውን በሳምንት ይሠራሉ፤ ጉልበታቸው የተባረከ ይሁን። ከእናንተም ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ አላችሁ፤ ስትመረቁ ትሄዳላችሁ። መሄድ ነውር አይደለም። ነገር ግን ስትሄዱ ተሰናብታችሁ ሂዱ። ባለፉት ዓመታት የተመረቁ ልጆቻችን ማልቀስ እየፈሩ ሳይሰናበቱ ይሄዱ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ «ያ ልጅ ሞቶ ነው የምትደብቁኝ?» እያሉ ወራት ይጨነቁ ነበር። ቤታቸው ገብታችሁ፣ የምትሄዱበትን ከተማ ስም ነግራችሁ፣ ተተኪያችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ አስረክቡ፤ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ እንደሚሻገር።

ፎቶ አታንሡ። ስልካችሁ ከኪሳችሁ አይውጣ። ስለ ገንዘቡ ገንዘብ ያዣችን ይነግሯችኋል፤ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አትቀበሉም።

እኔ አሁን ጉልበቴ ያመኛል፤ የጠባሴን ዳገት እንደ ድሮው አልወጣውም። ኮሚቴው ከቤት ለቤቱ ወጥቼ አዲሶችን እንዳሠለጥን ወስኗል፤ ታዝዣለሁ። ስለዚህ የሐሙስ ተራ ዛሬ ከእኔና ከልብስ ሰፊዋ እኅቴ ወደ ሁለታችሁ ይተላለፋል፤ ከኋላ የተቀመጣችሁት፣ እናንተ። ሦስት ሳምንት አብረን እንሄዳለን። ከዚያ ብቻችሁን ናችሁ።

የመጀመሪያው ቤት የእማማ ነው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጆሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል። አስቀድማችሁ ጎረቤቲቱ ቤት ጎራ በሉ፤ አሁን እሷም አርጅታለች፣ ድስቱን የምትጥደው ልጇ ናት። የእማማ በር ቆርቆሮ ነው፤ ከታች በኩል ተጣሟል፤ ወደ ላይ አንሣ አድርጋችሁ ግፉት። ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱት፤ በየሦስት ዓመቱ እንመርገዋለን፣ ዘንድሮ ደርሷል። ስማችሁን ለመናገር አትቸኩሉ፤ ስም ቀስ ብሎ ይለመዳል። «ማነው?» ሲሉ «ሐሙስ ነን» በሏቸው።